ቆይ የሚላት

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በመስኮቱ ሐይቁ በግማሽ ይታያል፣
ግማሹን የሆስፒታሉ የውኃ ታንከር ከልሎታል።
ትርንጎ ካርዶቿን አወጣች፤ ከውጭ የመጣውን ጥራዝ ትታ፣
የበረዶ ቤቱን፣ ስሙን የማናውቀውን አትክልት ሁሉ አውጥታ፣
በእርሳስ የሣለቻቸውን ደረደረች፦
አምባዛ፣ ደንገል፣ ወንፊት፣ መልህቅ።
«አንቺ» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ፣
«ዛሬ እንዳትረጃቸው፣ አደራ።»

አባቴ ልየው፣ የሐይቁ መርከብ ቲኬት ቆራጭ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ከአንዲት ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀማጭ፣
ወደቦቹን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ፦
ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ፣ ደልጊ፣ ጎርጎራ።
ዛሬም ጠራቸው፤ አንዱም ሳይቀር፣
እንደ ዳዊት ድጋም፣ ሳይደናቀፍ፣ ሳይሰበር።
ደስ አለኝ። ትርንጎ ግን አልጻፈችም።
«ይሄ ልማድ ነው» አለች፣ «እግር ቤቱን እንደሚያውቀው።»

አምባዛውን አሳየችው።
ሳቀ። በሁለት ጣቱ ከአገጩ ላይ ጢም ሣለ።
«ይሄማ... ያ... ጢማሙ... ቅርፊት የሌለው...
እናትሽ ድስቴን አታርክሱ የምትልበት...»
ስሙ አፌ ውስጥ ተገላበጠ እንደ ዓሣው ራሱ፤
ጥርሴን ገጠምኩ።
ዜሮ፣ ጻፈች።

መልህቅ።
እጁ ወረደ፣ ወረደ፣ የማይታይ ገመድ እያስረዘመ፣
ታች፣ ጭቃው ላይ፣ ቆመ።
«መርከቧን... መርከቧን ቆይ የሚላት።»
ዜሮ። ከዜሮው ጎን ግን አንድ ነገር ሞነጫጨረች፤
ልየው ብል በክንዷ ሸፈነች።

«ቃል ከሰው የሚሸሽበት መንገድ ብዙ ነው» አለች ቀስ ብላ፣
«አንዱ ትርጉሙን ይወስዳል፦ አምባዛ ስትዪው 'አምባዛ ምንድን ነው?' ይልሻል፣
ዓሣው ራሱ ከልቡ ወጥቶ።
አንዱ ማሰሪያውን ይፈታል፦ 'እኔ... ጀልባ... ነገ'፣
ያለ 'በ'፣ ያለ 'ወደ'፣ ከገዛ ከንፈሩ ጋር ሲታገል።
ሌላው ደግሞ...»
አልጨረሰችም። ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሽ ልየው፣ የምለውን ይድገሙልኝ፦
ትናንት ከደቅ የመጣችው ነርስ ለልጁ ያዘዘችውን መድኃኒት እናቱ አላገኘችም።»

«ትናንት... ከደቅ የመጣችው... ነርስ... ልጁ...»

ቆመ።
ቋንቋችን ግሱን ከወዲያ ማዶ ያስቀምጣል፤
ማን ምን እንዳደረገ ጎርጎራ ሳይደርሱ አይታወቅም።
አባቴ መሀል ሐይቅ ላይ ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣
ነርሷንና ልጁን አሳፍሮ።

«ላሳጥረው። ነርስ መጣች።»
«ነርስ መጣች» አለ፣ ጥርት አድርጎ፤
ቀና ብሎም አየኝ፣ የመንገደኛ መልስ
ሳንቲም ሳያጎድል እንደ ቆጠረ ሰው።

«መቼ ጀመራቸው?»
መቼ? ሁለት ፋሲካ ቆጠርኩ፣ ሦስት ክረምት፦
እሱ «ያን አቀብዪኝ» ሲል እኔ ጨው፣
እሱ «ያ ሰውዬ» ሲል እኔ ገላነህ ስልበት፣
የጀመረውን ከአፉ ተቀብዬ ዳር ሳደርስለት፣
ጎረቤት ሁሉ «ልየው እኮ አንደበቱ!» ሲልለት።
ያን ሁሉ ጊዜ በሽታው
እኔ አፍ ውስጥ ተደብቆ ኖሯል።
ይህን አልነገርኳትም። «ቅርብ ነው» አልኩ።

ወጣን። በዘንባባው ሥር፣ በሐይቁ ዳር፣
ባጃጅ ሁለቴ ጡሩንባ ነፋብን፤ አልተሳፈርንም።
ውኃው ላይ አንድ ነገር አሳየኝ፣ ጣቱን ቀስሮ፦
«ያ... ያ...»
አየሁት። ስሙን አውቀዋለሁ፤
የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ባቀብለው...
ነገርየው ወደ ደብረ ማርያም ታጥፎ ከደንገሉ ኋላ ተሰወረ።
እሱ ግን ገና «ያ...» ላይ ነው፣ ጣቱም አልታጠፈ።

ቆየሁ።